ዊልያም ራይትና የመቅደላ መጻሕፍት መዝገብ

የመጻሕፍት መዝገብ የሚያዘጋጅ ሰው በታሪክ ተመራማሪዎች ዘንድ እምብዛም አይወሳም። በዚህ አጭር ጽሑፍ የብሪታንያዊውን ሊቅ የዊልያም ራይትን የሥራ ዘመን የምንመረምረው፣ መዝገብ አዘጋጅ ከታሪክ ጸሐፊ ያላነሰ ምስክር መሆኑን ለማስረዳት ነው። ዘመኑን ሁሉ የጻፍነው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ራይት በ1830 በቤንጋል ተወለደ። በስኮትላንድና በጀርመን አገር የምሥራቅ ቋንቋዎችን ተማረ፤ በለንደንና በደብሊንም ዐረብኛ አስተማረ። ከዚያም በ1861 በብሪቲሽ ሙዚየም የጥንት ጽሑፎች ክፍል ሥራ ያዘ። በዚያ ያዘጋጀው የሱርስት ብራናዎች መዝገብ ከ1870 እስከ 1872 በ3 ጥራዝ ታተመ። በ1870 የኬምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የዐረብኛ ፕሮፌሰር ሆኖ ተሾመ፤ በ1889 እስኪሞት ድረስም በዚሁ ሥራ ቈየ።

ከኢትዮጵያ ጋር ያገናኘው የ1868ቱ ዘመቻ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ራሳቸውን ከሠዉ በኋላ የእንግሊዝ ጦር ንጉሠ ነገሥቱ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን የሰበሰቡትን መጻሕፍት ዘረፈ። ከእነዚህም 350 ያህሉ ወደ ሙዚየሙ ገቡ። ራይት በ1870 አጭር ዝርዝራቸውን በአንድ የጀርመን መጽሔት አወጣ፤ በ1877 ደግሞ ሙዚየሙ ከ1847 ወዲህ ያገኛቸውን የግዕዝ ብራናዎች ሁሉ የያዘ ሰፊ መዝገብ አሳተመ።

የሥራው ዘዴ እንዲህ ነው። መጻሕፍቱን በይዘታቸው ከፋፍሎ የእያንዳንዱን የቅጠል ብዛት፣ የአጻጻፍ ሁኔታና ዘመን ይገልጻል፤ መነሻውን ቃል በግዕዝ ፊደል ያሰፍራል። ከሁሉ ይልቅ ለእኛ የሚጠቅመን በኅዳግና በመጨረሻ ቅጠል የተጻፈውን አለመናቁ ነው። የጸሐፊው፣ ያስጻፈው ሰውና መጽሐፉ የተሰጠው ቤተ ክርስቲያን ስም፣ የርስትና የጉልት ማስታወሻም ሳይቀር ተመዝግቧል።

የዚህ ጥቅም ቀላል አይደለም። በ1872 ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ክብረ ነገሥት በማን እጅ እንዳለ ተፈልጎ እንዲመለስላቸው ለእንግሊዝ መንግሥት ጽፈው ነበር። ሙዚየሙ ከነበሩት 2 የመቅደላ ቅጂዎች አንዱን በዚያው ዓመት መለሰ። የቀሩት መጻሕፍት ግን ከ1973 ወዲህ በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። በዚያው በ1973 ሪታ ፓንክኸርስት ስለ ቴዎድሮስ ቤተ መጻሕፍት ያሳተሙት ጥናት፣ የተበተነውን ስብስብ ከመዛግብት እየለቀሙ መልሶ ማወቅ እንደሚቻል አሳይቷል።

ራይት ስለ ዘረፋው ለመፍረድ አልተነሣም፤ ተግባሩ መመዝገብ ነበር። ሆኖም የባለቤቶቹን ስም በታማኝነት ስለ ገለበጠ፣ መጽሐፉ የማን ነበር ለሚል ጠያቂ መልሱን ትቶለት አልፏል። ስለዚህ መዝገቡን የምንከፍት ተማሪዎች ከመጻሕፍቱ ርእስ ጋር የኅዳጉን ማስታወሻ አጥብቀን ልንመረምር ይገባናል።