ማርክ የረከሰበት ዘመን

እ.ኤ.አ. በ1923 ጀርመንን ያናወጠው የዋጋ ንረት ሲነሣ መጀመሪያ የሚወቀሰው የገንዘብ ማተሚያው ነው። ወቀሳው ተገቢ ነው፤ ሆኖም ታሪኩን በሙሉ አይነግረንም። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት አንድ ዶላር በ4.2 ማርክ ይመነዘር ነበር። ከ1920 ጸደይ እስከ 1921 አጋማሽ የመንግሥት ወጪ ከገቢው በእጅጉ ቢበልጥም ዋጋ ረጋ ብሎ ቆይቷል፤ ብዙ ሰው፣ የውጭ ዜጋም ጭምር፣ ማርክ ወደ ቀድሞ አቅሙ ይመለሳል ብሎ ይዞት ነበርና። የ132 ቢሊዮን የወርቅ ማርክ የጦር ካሳ ሲጫን፣ በሰኔ 1922 ደግሞ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ቫልተር ራተናው ሲገደል ያ ተስፋ ተሟጠጠ። በዚያ ዓመት መጀመሪያ 190 ገደማ የነበረው የዶላር ምንዛሪ በዓመቱ መጨረሻ ከ7,000 አለፈ። ከዚያ በኋላ ነጋዴው በገዛበት ሳይሆን ነገ መልሶ በሚገዛበት ዋጋ መሸጥ ያዘ። የነገው ዋጋ ስንት እንደሚሆን ስለማያውቅም ለስጋቱ ጨመረበት። ገበሬው እህሉን በወረቀት አልሸጥም አለ። ሠራተኛው ደመወዙን በየቀኑ፣ አንዳንዴም በቀን ሁለት ጊዜ እየተቀበለ ወደ ሱቅ ሮጠ። ግብር ከፋዩ የሚከፍለው ገንዘብ ግምጃ ቤት እስኪደርስ ይረክስ ስለነበር መንግሥት ጉድለቱን ለመሙላት እንደገና አተመ። ንረቱ ጥርጣሬን ወለደ፤ ጥርጣሬውም ንረቱን አባባሰው። ዕድሜ ልኩን ያጠራቀመው ጡረተኛ ባዶ እጁን የቀረው በዚህ መካከል ነው፤ ግፍ ነበር።

ወረቀቱ ባይታተም ጥርጣሬ ብቻውን ምን ያመጣ ነበር የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ ያለ ኅትመት ያን ያህል ንረት አይታሰብም። ነገር ግን ዋጋ ከኅትመቱ ቀድሞ ስለወጣ፣ በአገሪቱ የተሠራጨው ወረቀት ሁሉ በወርቅ ሲተመን ከጦርነቱ በፊት ከነበረው ገንዘብ እጅግ አንሶ ነበር። ይህን ማተሚያው ብቻውን አያስረዳም፤ የሚያስረዳው ማንም ወረቀቱን በእጁ ማቆየት አለመፈለጉ ነው። የፍጻሜው ታሪክ ደግሞ ከዚህም ይበልጥ ያሳምናል። በኖቬምበር 1923 ሬንተንማርክ የተባለ አዲስ ገንዘብ ወጣ፤ አንዱ በ1 ትሪሊዮን አሮጌ ማርክ ተተመነ። ከዚያ በኋላ ለወራት የገንዘቡ መጠን ማደጉን ሲቀጥል ዋጋ ግን ቆመ፤ ሕዝቡ ገንዘብ መያዝ እንደገና ጀምሮ ነበርና።

ሬንተንማርክን ያስከበረው በመሬት መያዣነት መደገፉ ነው ይባል ነበር። ሆኖም ገንዘቡን ይዞ ሄዶ መሬት የሚረከብ ሰው አልነበረም። የሚታየው ነገር ገደቡ ነው፦ በጠቅላላው ከ3.2 ቢሊዮን፣ ለመንግሥት የሚሰጠው ብድር ደግሞ ከ1.2 ቢሊዮን እንዳያልፍ በሕግ ተወሰነ። በዲሴምበር መንግሥት ተጨማሪ ብድር ሲጠይቅ ሬንተንማርክን ያወጣው ባንክ እምቢ አለ። በእኔ ፍርድ ዋጋን ያጸናው ከመሬቱ ይልቅ ይህ እምቢታ ነው።