የሃምሳ አራቱ ዋንጫና የደጋፊው ተስፋ

የአገራችንን የኳስ ደጋፊ መውቀስ ቀላል ነው። «ሲያሸንፉ ‹የእኛ ልጆች›፣ ሲሸነፉ ‹እነዚህ ልጆች› ይላል» ይባላል፤ «በስሜት እንጂ በዕውቀት አይናገርም» ይባላል። እኔ ግን ደጋፊን ከሌላ ወገን ልመለከተው እወዳለሁ። ደጋፊ ብዕር ያልያዘ ታሪክ ነጋሪ ነው። ስለ ዛሬው ቡድን የሚሰጠው አስተያየት ሁሉ በልቡ ካኖረው ከአንድ የቆየ ቀን ጋር እያስተያየ የሚናገረው ነው። ያ ቀን የትኛው እንደሆነ ካወቃችሁ የሰውየውን ዕድሜም፣ ተስፋውንም፣ ቅሬታውንም ታውቃላችሁ። በዚህች አጭር ጽሑፍ እነዚያን ቀኖች ላነሳሳና ከእነርሱ የወረስነው ተስፋ ጠቀመን ወይስ ጎዳን የሚለውን ልመረምር አስቤአለሁ።

የምኖረው አረርቲ ነው። ምንጃር ሸንኮራን የሚያውቅ ሰው በነጭ ጤፉና በሽምብራው ያውቀዋል እንጂ በኳስ አያውቀውም። ሆኖም ሰኞ ጠዋት እኔ በምሠራበት ባንክ ሰልፍ ይዘው የሚጠብቁ ደንበኞች ወሬ ከገንዘብ ይልቅ ስለ ኳስ ነው። ክርክሩ አንዳንድ ጊዜ ይጦፋል፤ ግን ጠብ አይወልድም። ይህ ልማድ ከኳስ በፊት የነበረ መሆኑን ለማስታወስ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። አያቶቻችን በገና ሰሞን የላይ ሠፈርና የታች ሠፈር ተብለው ሩር ሲለጉ፣ ያሸነፈው ወገን የተሸነፈውን በግጥም እየሰደበ ወደ መንደር ይገባ ነበር፤ ባላባቱም ቢሆን ስድቡን ችሎ ያሳልፋል። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የተባለው ለዚህ ነው። የዛሬው ደጋፊ የሚፎክርበትና የሚተርብበት ቋንቋ ከዚያ ሜዳ የመጣ ይመስለኛል።

ወደ መጀመሪያው ቀን እንለፍ። ጡረታቸውን ለመቀበል በየወሩ ወደ እኛ የሚመጡ አንድ አዛውንት መምህር አሉ። ስለ ብሔራዊ ቡድኑ በተነሣ ቁጥር አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ይናገራሉ፤ «ልጄ፣ ኳስ በሃምሳ አራት ቀረ።» «ጋሼ፣ ከዚያ ወዲህስ ምንም የለም?» ብላቸው ፈገግ ይላሉ እንጂ አይመልሱልኝም።

የእርሳቸው ቀን ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ነው። ዓርብ ጥምቀት፣ ቅዳሜ ቃና ዘገሊላ ነበር፤ እሑድ ደግሞ በአዲስ አበባ ስታዲየም ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ሆነ። ግብፅ ያለፉትን ሁለት ዋንጫዎች የወሰደች፣ በ1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይም በፍጻሜው እኛን 4 ለ 0 ያሸነፈች አገር ነበረች። በዚያ እሑድ ባዳዊ በ35ኛው ደቂቃ አስቆጠረ፤ ተክሌ ኪዳኔ በ74ኛው አቻ አደረገ፤ ባዳዊ ወዲያው በደቂቃው ግብፅን እንደገና መሪ አደረጋት። ሰው ተስፋ ሊቆርጥ ሲል አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ በ84ኛው ደቂቃ አገባ። በተጨማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎና መንግሥቱ ወርቁ አከታትለው አስቆጠሩና ጨዋታው 4 ለ 2 አለቀ። ከሳምንት በፊት ቱኒዝያንም 2 ለ 0 ከመመራት ተነሥተው በዚያው 4 ለ 2 ነበር ያሸነፏት። ዋንጫውን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በእጃቸው ለአምበሉ ሰጡት።

ከእነዚህ ሁለት ጨዋታዎች ደጋፊው የወረሰው እምነት «እየተመራን እናሸንፋለን» የሚል ነው። እምነቱ ውብ ነው። ይሁን እንጂ መምህሩ የማይናገሩት ሌላ እውነት አለ። በዚያ ውድድር የተሳተፉት አራት አገሮች ብቻ ነበሩ፤ ዋንጫው የተገኘው በሁለት ጨዋታ ነው። ዛሬ በአፍሪካ ዋንጫ 24 አገሮች ይሰለፋሉ፤ ለመሰለፍም ረጅም ማጣሪያ ማለፍ ያሻል። ይህን ማለቴ የአባቶችን ድል ለማሳነስ አይደለም፤ መለኪያው መለወጡን ለማሳየት ነው።

ድሉ ከሰማይ የወረደ አለመሆኑም መታወቅ አለበት። ቅዱስ ጊዮርጊስ በአራዳ የተመሠረተው በ1928 ዓ.ም.፣ በአየለ አትናሽና በጆርጅ ዱካስ አነሣሽነት፣ ጣሊያን አዲስ አበባ ከመግባቱ ከጥቂት ወራት በፊት ነበር። በወረራው ዘመን ጣሊያኖች የጥቁሩን ኳስ ከነጩ ለዩ፤ የቡድኑንም ስም ለውጠው «ሊቶሪዮ ውቤ ሠፈር» አሉት። ከነጻነት በኋላ በ1936 ዓ.ም. ውድድር ሲጀመር የአርመኖቹ፣ የግሪኮቹና የጣሊያኖቹ ቡድኖች፣ የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮንና ጊዮርጊስ ነበሩ የተሰለፉት፤ ዋንጫውንም የእንግሊዝ ወታደሮች ወሰዱት። በዚህ ክለብ ለ23 ዓመታት የተጫወተው ይድነቃቸው ተሰማ በ1954 ዓ.ም. የብሔራዊ ቡድኑ አሠልጣኝ ሆነ፤ በኋላም ከ1964 ዓ.ም. እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ ነሐሴ 1979 ዓ.ም. ድረስ፣ የአፍሪካን እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን መራ። ስለዚህ ከዋንጫው በስተኋላ የሃያ ስድስት ዓመት የክለብ ሕይወት ነበረ። ዋንጫውን ያመጡትም የአዲስ አበባ ልጆች ብቻ አልነበሩም። አምበሉ ከጣሊያናዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት አሥመራ የተወለደ፣ የድሬዳዋ ጥጥ ፋብሪካ ተጫዋች ነበር። ከፍጻሜው በፊት «ንጉሡ ፊት ዋንጫ የሚቀበለው ክልስ አይሁን» ያሉ ሹማምንት እንደነበሩና ይድነቃቸው እንቢ ማለቱን ሉቺያኖ ራሱ በኋላ ዘመን ተርኮታል። ያ ሰው በደርግ ዘመን ከአገር ተሰደደ፤ በ2022 እ.ኤ.አ. በጣሊያን ምድር አረፈ። ስለ ሃምሳ አራት ስንፎክር ይህንንም ብናስታውስ መልካም ነበር። ያን ቀን ያሸነፈው አምበሉን በዘሩ ያልመዘነ ቡድን ነው።

ሁለተኛው ቀን የጎልማሶቹ ነው፤ እርሱም በሬዲዮ የተሰማ ቀን ነው። በ1980 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ዋንጫን ዚምባቡዌን በፍጹም ቅጣት ምት አሸንፋ ስትወስድ፣ የደምሴ ዳምጤ ድምፅ ስታዲየሙን ወደየቤቱ አስገባው። ደምሴ በ2005 ዓ.ም. ቢያርፍም ያ ድምፅ ግን የሰሙት ሰዎች ጆሮ ውስጥ ዛሬም አለ። ይህ ትውልድ በክለብም የተከፈለ ነው። ከፊሉ ጊዮርጊስ ነው፤ ከፊሉ ቡና ነው። ቡናን በልማድ እስከ ዛሬ «ቡና ገበያ» የሚሉት አሉ። የአዲስ አበባው ደርቢ አረርቲ ላይ ወንድማማቾችን በሻይ ቤት ጠረጴዛ ሲለያይ አያለሁ። ጊዮርጊሱ ዋንጫ ይቆጥራል፤ ቡናው ደግሞ «ዋንጫ አንቆጥርም፣ እኛ የምንቆጥረው ደጋፊ ነው» ይላል። ቡና የሊጉን ዋንጫ በ2003 ዓ.ም. ሲያነሣ ግን መቁጠር የማይወዱት ሁሉ መቁጠር ጀምረው ነበር!

በአብዮቱ ዘመን ክለቦች በየመሥሪያ ቤቱ እንዲደራጁ ተደረገ፤ የዚያ ዘመን መልክ እስከ ዛሬ አልጠፋም። አብዛኞቹ ክለቦቻችን ደመወዝ የሚከፍሉት ከመንግሥት ተቋም ወይም ከከተማ አስተዳደር በሚመጣ በጀት ነው። በ2016 ዓ.ም. ንግድ ባንክ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ መድን ሻምፒዮን ሆኑ። ንግድ ባንክ ዋንጫውን ባነሣ ሰሞን፣ የእኔ መሥሪያ ቤት ሌላ ቢሆንም፣ ደንበኞቻችን «ዋንጫውንም በወለድ አገኛችሁት» እያሉ ሲስቁብኝ ሰነበቱ። ቀልዱ ውስጥ ቁም ነገር አለ። ክለብ በትኬትና በአባላት መዋጮ ሳይሆን በበጀት ሲኖር ደጋፊው ባለቤት መሆኑ ይቀርና እንግዳ ይሆናል። እንግዳ ደግሞ ቢከፋው ይሄዳል እንጂ ቤቱን አያድስም።

ሦስተኛው ቀን የእኔና የእኩዮቼ ነው። ከ1982 እ.ኤ.አ. የሊቢያ ውድድር በኋላ ለ31 ዓመታት የአፍሪካ ዋንጫ አላየንም ነበር። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. ሱዳንን አዲስ አበባ ላይ ገጠምን፤ ኦምዱርማን ላይ 5 ለ 3 ተሸንፈን ተመልሰናል። አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰይድ አስቆጠሩ፤ ከሜዳችን ውጭ ባገባናቸው ሦስት ግቦች አለፍን። በሰውነት ቢሻው የሚመራው ቡድን ደቡብ አፍሪካ ላይ የመጀመሪያ ጨዋታውን ያደረገው ከዋንጫው ባለቤት ከዛምቢያ ጋር ነበር። ቀኑን ልብ በሉ፤ ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም.። ከሃምሳ አራቱ ድል በኋላ ልክ በ51ኛ ዓመቱ፣ በዚያው ዕለት! ሳላዲን ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ፤ ግብ ጠባቂው ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ፤ በአሥር ሰው ቀረን። ከዚያም አዳነ ግርማ አገባና 1 ለ 1 ወጣን። ቀጥሎ በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፣ በናይጄሪያ 2 ለ 0 ተሸንፈን ተመለስን፤ ግን የዚያን ማታ ደስታ ማንም አልወሰደብንም።

በዚያው ዓመት ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 አሸነፍን። ሆኖም ቀደም ብሎ በቦትስዋና ጨዋታ ሁለት ቢጫ ካርድ የነበረበት ተጫዋች በመሰለፉ ሦስት ነጥብ ተቀነሰብን። መዝገብ መያዝ እንጀራው ለሆነ ሰው ይህ ነገር እግር እግሩን ይበላዋል። ጉልበትና ጥበብ ያመጡትን አንድ ያልታየ መስመር ሊያጠፋው ነበር። እንዲያም ሆኖ የመጨረሻው ምዕራፍ ደረስን፤ ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በበኃይሉ አሰፋ ግብ ናይጄሪያን መራን፤ ኤሜኒኬ ሁለት አገባብንና 2 ለ 1 ተሸነፍን፤ በካላባርም 2 ለ 0 ተደገመ። ወደ ዓለም ዋንጫ ከዚያ የበለጠ ቀርበን አናውቅም።

አራተኛው ወገን ገና ቀን የለውም። እርሱም ወጣቱ ነው። በየዲኤስቲቪ ቤቱ የአርሴናልንና የማንችስተርን ተጫዋች የልጅነት ታሪክ ሳይቀር ይተርክላችኋል፤ ዋልያዎቹ መቼ እንደሚጫወቱ ብትጠይቁት ግን አያውቅም። ትልልቆቹ «አገር የማይወድ ትውልድ» ይሉታል። እኔ አልልም። ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ስታዲየሞቻችን የአህጉሩን መስፈርት ባለማሟላታቸው ብሔራዊ ቡድናችን ለዓመታት «የሜዳውን» ጨዋታ በማላዊ፣ በሞዛምቢክ፣ በሞሮኮና በታንዛኒያ ሲያደርግ ኖሯል። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. በዳዋ ሆቴሳና በሽመልስ በቀለ ግቦች ግብፅን 2 ለ 0 ስናሸንፍ እንኳ ድሉ የተገኘው ሊሎንግዌ ላይ ነው። ያ ጨዋታ አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር ላይ ተደርጎ ቢሆን፣ የአረርቲ ልጅ አባቱን አስከትሎ ሄዶ አይቶት ቢሆን፣ ለዕድሜ ልክ የሚተርከው የራሱ ቀን ይኖረው ነበር። ለልጁ ቀን ሳንሰጠው ስለ ምን ትዝታ የለህም እንላለን?

በዓለም ላይ እንደኛ በትዝታ የሚኖሩ ሌሎች ደጋፊዎች አሉ፤ ከእነርሱ አንዱ ስኮትላንዳዊው ነው። የዓለም የመጀመሪያው የአገሮች ግጥሚያ በ1872 እ.ኤ.አ. ግላስጎው ላይ የተደረገባት አገር ናት። በ1967 እ.ኤ.አ. ሴልቲክ ሊዝበን ላይ የአውሮፓን ዋንጫ ሲወስድ ተጫዋቾቹ ሁሉ የግላስጎውና የአካባቢዋ ልጆች ነበሩ። የሴልቲክና የሬንጀርስ ፉክክር ከጊዮርጊስና ከቡና ቢከር እንጂ አያንስም። ብሔራዊ ቡድናቸው ግን ከ1998 እ.ኤ.አ. በኋላ የዓለም ዋንጫ ርቆት ኖረ፤ ደጋፊው ስታዲየም መምላቱን ግን አልተወም። ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በገዛ ሜዳቸው፣ በሃምፕደን፣ ዴንማርክን አሸንፈው ከ28 ዓመት በኋላ አለፉ። ውጤቱ 4 ለ 2 ነበር፤ የእኛው የሃምሳ አራት ውጤት! እነርሱን ያቆያቸው ትዝታ ብቻ አይደለም። በየሳምንቱ የሚሄዱበት ሜዳ፣ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ መቀመጫ ነበራቸው።

እንግዲህ ወደ ጥያቄዬ ልመለስ። የወረስነው ተስፋ ጠቀመን ወይስ ጎዳን? በእኔ ሙያ ቋንቋ ብናገር፣ የሃምሳ አራቱ ዋንጫ አባቶቻችን በስማችን ያስቀመጡት ተቀማጭ ነው። እኛ ከስልሳ ዓመት በላይ ወጪ ስናደርግበት ኖርን፤ ገቢ ያደረግንባቸው ቀኖች ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ተቀማጩ አላለቀም፤ ለመምህሩ ዛሬም ይበቃቸዋል። ለወጣቱ ግን አይበቃውም፤ ደብተሩ በስሙ አይደለምና። ከአዲስ አበባ እስከ አረርቲ ልጆች የሚጫወቱበት ሜዳ ሳይሸጥ ቢጠበቅ፣ ክለብ የደጋፊው ንብረት ቢሆን፣ ዋልያዎቹ በአገራቸው ሣር ላይ ቢሮጡ፣ ያኔ ሽንፈቱም ቢሆን የራሳችን ሽንፈት ይሆናል፤ ከራስ ሽንፈትም ተስፋ ይበቅላል።

ያባት ዋንጫ ያምራል ከምሰሶ ተሰቅሎ፣
ጥም ግን አይቆርጥም ትናንት ነበር ተብሎ፤
ሜዳውን ጠርጋችሁ ለልጁ ስጡና፣
እርሱ ይሞላዋል ዋንጫውን እንደገና።

ቸር ያሰንብተን።