ጭሱ ከቤት ከወጣ በኋላ
የግድግዳ ልስንና ቀለም ጉዞ፣ ከአዊ ጭቃ ቤት እስከ ኳርትዝ

አዘና፣ ዳንግላ ወይም እንጅባራ ላይ ቤቱን የሚያድስ ሰው ዛሬ ምርጫ አያጣም። የውሃ ቀለም አለ፣ ዘይት ቀለም አለ፣ ስቱኮና ጂፕሰም አለ፤ ለውጭ ግድግዳ ደግሞ ሻካራው ኳርትዝ አለ። ከጥቂት ትውልድ በፊት በዚሁ ምድር የአብዛኛው ቤት ውስጥ ጥቁር ነበር። ብዙዎቻችን ይህን ልዩነት በገንዘብ ብቻ እንፈታዋለን፤ ያኔ ድህነት ነበር፣ አሁን እጃችን ተፈታ እንላለን። ገንዘብ ድርሻ አለው። ሆኖም ባለጸጋውም ቢሆን እሳት የሚነድበትን ቤት አንጥቶ አይዘልቀውም፤ ጥላሸቱ መልሶ ያጠቁርበታል። ግድግዳ እንዲያጌጥ የሚፈቅደውም የሚከለክለውም፣ እሳቱ የሚነድበት ቦታና ብርሃን የሚገባበት መንገድ ነው። ታሪኩን በዚህ በኩል ስናየው የጎንደር ግንብ፣ የጣና ደሴቶች ሥዕልና የዛሬው ሳሎን በአንድ መስመር ይሰለፋሉ።

ጭቃ፣ ጭድና መዳፍ

የአዊ ምድር ዝናብ አያጣም፤ አፈሩም ቀይና ጥልቅ ነው። በዚህ አገር ግድግዳ የሚቆመው በእንጨት ነው። ቋሚው ይተከላል፣ ማገሩ ይማገራል፣ ጭቃው ይመረግበታል። በደጋው በኩል፣ በተለይ በእንጅባራ ዙሪያ፣ ቀርቀሃ በየጓሮው ስለሚበቅል እሱም ተሰንጥቆ ለአጥርና ለግድግዳ ይውላል።

ጭቃው እንዲሁ ተቆፍሮ የሚለጠፍ አይደለም። አፈሩ ከድንጋይና ከሥር ይለቀማል፣ ውሃ ይጠጣል፣ የጤፍ ጭድ ይነሰነስበታል፣ በእግር ይረገጣል። ከዚያ ለቀናት ይተውና እንደገና ይረገጣል። ጭዱ መበስበስ ሲጀምር ሽታው ይከፋል፣ ጭቃው ግን የበለጠ ሙጫ ይሆናል። ሸክላማ አፈር ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ጭዱ ያንን መኮማተር በየቦታው በትኖ አንድ ትልቅ ስንጥቅ ሊሆን የነበረውን ብዙ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ያደርገዋል። ሁለተኛው ዙር ምርጊት ያን ይደፍነዋል።

ምርጊቱ የደቦ ሥራ ነው፤ ወንዶች ይበዙበታል። ማለስለሱና መለቅለቁ ግን በአብዛኛው የሴቶች ነው። የላመ አፈር ከእበት ጋር ተቦክቶ በመዳፍ ይለቀለቃል። እበቱ ውስጥ ያለው የደቀቀ ሣር እንደ ጭዱ ሁሉ ያያይዛል፣ አቧራም ይቀንሳል። መዳፉ ግማሽ ክብ እየሠራ ሲሄድ አሻራው በግድግዳው ላይ እንደ ሞገድ ይቀራል። ዛሬ በስፓቱላና ጥለት ባለው ሩሎ የሚሠራው የግድግዳ ሸካራነት፣ መሣሪያ የደገመው የዚያ መዳፍ ሥራ ነው።

ይህ ሥራ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚያበቃ አልነበረም። ክረምት የሸረሸረው በመስከረም፣ ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል ይታደሳል፤ የጥር ሠርግ ያለበት ቤት ደግሞ ለድግሱ እንደገና ይለቀለቃል። ግድግዳ እንደ እርሻ በየዓመቱ የሚሠራ ነገር ነበር። የምትለቀልቀው ሴት የትኛው ጥግ እንደሚረጥብ፣ የትኛው ቋሚ ምስጥ እንደነካው በእጇ ታውቀዋለች።

ውስጡን የሚያጠቁረው ጭስ ጠላት ብቻ አልነበረም። የሣር ክዳኑን፣ የጣሪያውን እንጨትና ቀርቀሃውን ከነቀዝና ከምስጥ የሚጠብቀው እሱ ነው። ዓይን ያስለቅሳል፣ ሳንባ ይጎዳል፣ ቤቱን ግን ያቆያል። እንዲህ ባለ ቤት ጌጡ የሚቀመጠው ጭስ በማያጠፋው ነገር ላይ ነው፤ በመደቡ ቅርጽ፣ በጎታው ወገብ፣ በተሰቀለው ሰፌድና ሌማት።

ኖራና ያለ ጭስ አዳራሽ

ነጭ ግድግዳ ወደ ሰሜኑ ቤተ መንግሥት የመጣው ከኖራ ጋር ነው። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገደማ፣ ኖራ ለግንብ መዋል እንደጀመረ የዘመኑ የኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን ጽሑፎች ይናገራሉ። የደንቀዝ ቤተ መንግሥት ከዚያ የመጣ ነው። በምሥራቅ ጎጃም ያለችው የመርጡለ ማርያም ፍርስራሽ ደግሞ በዚያው ዘመን ግድግዳ በቀለም ሳይሆን በተጠረበ ድንጋይ አበባና ሐረግ እንዴት ያጌጥ እንደነበር እስከ ዛሬ ታሳያለች። አፄ ፋሲል (1632–1667 እ.ኤ.አ.) ጎንደርን ሲያቆሙ ኖራው የግንቡ ማያያዣም ልስኑም ሆነ። ከመቶ ዓመት በኋላ እቴጌ ምንትዋብ ቁስቋም ላይ ያሠሩት ግቢ ከጥቁሩ ድንጋይ መሃል ቀይ ድንጋይ እየለየ መስቀልና ቅርጽ አወጣበት።

የኖራ ምሥጢሩ ቀላል ነው። የኖራ ድንጋይ ወደ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚጠጋ ሙቀት ሲቃጠል የያዘውን ጋዝ ያጣል፤ ውሃ ሲጠጣ ይፈላና ይልማል፤ ግድግዳ ላይ ሲቀባ ያንኑ ጋዝ ከአየር እየመለሰ ቀስ ብሎ ድንጋይ ይሆናል። ስለዚህ ከግድግዳው ጋር ይተነፍሳል፤ እርጥበት ያስወጣል፣ ሲያረጅም በላዩ ሌላ ኖራ ይቀበላል።

አዊ ላይ ይህ ድንጋይ ቅርብ አይደለም። ምድሩ እሳተ ገሞራ የሠራው ነው፤ የዘንገና ሐይቅ ራሱ የተኛው በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ ነው። የኖራ ድንጋዩ በደጀን በኩል፣ በዓባይ ሸለቆ ይገኛል። ብዙ ዝናብ አፈሩን ስለሚያጥበው የአዊ ገበሬ ዛሬ አሲዳማ ማሳውን የሚያክመው ከሌላ አካባቢ በሚመጣ ኖራ ነው። ለማሳ የሚከፋፈለው ግን የተፈጨ ድንጋይ እንጂ የተቃጠለ ኖራ አይደለም፤ ግድግዳ ላይ ቢቀባ ይነጣል፣ ሲነካ ደግሞ እጅ ላይ ይቀራል። ሁለቱን አንድ አድርጎ ማየት ልፋትን ያባክናል።

ጎንደር ነጭ ግድግዳ የቻለችው ኖራ ስለነበራት ብቻ አይደለም። በአዳራሹ መሃል ጉልቻ አልነበረም፤ ማብሰያው ሌላ ቤት ነበር። ሐረርም ተመሳሳይ ነገር ታሳያለች። የሐረሪ ቤት ማድ ቤቱ ለብቻው በግቢው ውስጥ ስለሚቆም፣ ዋናው ክፍል ግድግዳው በኖራ ነጥቶ፣ መቀመጫ ነደባው በቀይ ተቀብቶ፣ ከላይ እስከ ታች በሰፌድ፣ በሙዳይና በሳህን ይሸፈናል።

ቤተ ክርስቲያንም እንዲሁ ናት፤ ሻማና ዕጣን እንጂ ምድጃ የለባትም። በዘጌና በጣና ደሴቶች ያሉት ክብ አብያተ ክርስቲያናት፣ የመቅደሳቸው ግድግዳ እንደ ገበሬው ቤት በጭቃና በጭድ የተለሰነ ነው። ሠዓሊው በቀጥታ ጭቃው ላይ አይሥልም። የጥጥ ጨርቅ በሙጫ ይለጠፋል፣ ነጭ መደብ ይቀባበታል፣ ሥዕሉ በዚያ ላይ ያርፋል። ግድግዳው ሲሰነጠቅ ጨርቁ ይሳሳባል እንጂ ሥዕሉ ወዲያው አይሰበርም። ጭቃው ላይ ወዲያውኑ የሚያርፈው ነገር ከጭቃው ጋር አብሮ መንቀሳቀስ እንዳለበት እነዚያ ባለሙያዎች ገና ድሮ ያውቁ ነበር። ይህ እውቀት ወደ መጨረሻው ያስፈልገናል።

ቆርቆሮ፣ አቡጀዲና ጋዜጣ

አዲስ አበባ በ1886 እ.ኤ.አ. ከተቆረቆረች በኋላ ሦስት ነገሮች ተከታትለው ገቡ፤ ባሕር ዛፍ፣ ቆርቆሮና የውጭ አገር ግንበኛ። ሕንዶችና አርመኖች የሠሩት ባለ በረንዳ ቤት ለመኳንንቱ አዲስ ምሳሌ ሆነ። ባሕር ዛፍ ቀጥ ያለ እንጨት ሰጠ። ቆርቆሮ በበኩሉ በክብ ቤት ላይ አይመችም፣ አራት ማዕዘን ይፈልጋል። እነዚህ ሁለቱ ቀስ በቀስ ወደ ክፍለ ሀገር ከተሞች፣ ከዚያም ወደ ገጠር ሲደርሱ ክብ የነበረው ቤት ማዕዘን አወጣ። ክብ ቤት በለመደው አገር ለመጀመሪያ ጊዜ ሥዕል የሚሰቀልበት ዝርግ ግድግዳ በተራ ሰው ቤት ተገኘ።

ከሁሉ የበለጠው ለውጥ ግን ጭሱ ላይ መጣ። የሣር ክዳን ጭሱን በየቀዳዳው ያሳልፋል፤ ቆርቆሮ ግን መልሶ ወደ ታች ይገፋዋል። ስለዚህ እሳቱ ወደ ጓሮ፣ ወደ ማድ ቤት ወጣ። ፊት ለፊት ያለው ክፍል ሳሎን ሊሆን ቻለ። መስኮትም ሰፋ፤ የገባው ብርሃን የጭቃውን ስንጥቅና የመዳፉን አሻራ ገለጠው። ባለቤቷ የምትሸፍነው ነገር አገኘች።

መሸፈኛው በየቤቱ አቅም ነበር። የጣሪያውን እንጨት ለመሰወር አቡጀዲ ይወጠርና ኮርኒስ ይሆናል። ግድግዳው ላይ በዱቄት ሙጫ ጋዜጣ ይለጠፋል። አዲስ ዘመን ከግንቦት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. ጀምሮ መታተም ከያዘ በኋላ ተነብቦ ሲያበቃ ብዙ ቤት ገብቶ ግድግዳ ሆኗል። ጋዜጣው ትኋን የሚደበቅበትን ስንጥቅ ይዘጋል፣ የጭቃ አቧራ ያስቀራል፣ ክፍሉን ያፈካል፤ ሙጫው ግን ለአይጥና ለበረሮ ምግብ ነው። በላዩ የንጉሡ ፎቶግራፍ፣ የቅዱሳን ሥዕል፣ የነጋዴ ቀን መቁጠሪያ፣ ቆየት ሲልም አንበሳ ያለበት የግድግዳ ምንጣፍ ተሰቀለ። የየዘመኑ መንግሥት ሲለወጥ ፎቶግራፉ ይወርዳል፤ ከኋላው ያልደበዘዘ አራት ማዕዘን ይቀራል።

ሲሚንቶና ዘይት ቀለም

በጣልያን ወረራ ዘመን ድሬዳዋ ላይ የሲሚንቶ ፋብሪካ ተተከለ። ሲሚንቶ ርካሽ እስኪሆን ብዙ ጊዜ ወሰደ፤ ግን ገና ከመጀመሪያው የዘመናዊነት ምልክት ሆነ። በትምህርት ቤትና በጽሕፈት ቤት አንድ ልማድ ሰፈነ፤ ከወገብ በታች ዘይት ቀለም፣ ከወገብ በላይ ኖራ ወይም የውሃ ቀለም። ምክንያቱ ተግባራዊ ነው። ትከሻና እጅ የሚነካው ታችኛው ክፍል ይታጠባል፣ ላይኛው በርካሽ ይታደሳል። ከዚያ ልማዱ ወደ መኖሪያ ቤት ገባ፤ ንፋስ ስልክና ካዲስኮን የመሳሰሉ የአገር ውስጥ ፋብሪካዎችም ቀለሙን ወደ ክፍለ ሀገር ሱቅ አደረሱት።

ቀለሙ ሲመጣ አንድ የማይታይ አደጋ አብሮ መጣ፤ እርሳስ። ዘይት ቀለም ብሩህ እንዲሆንና ቶሎ እንዲደርቅ ይጨመር የነበረው ይህ ብረት የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። ኢትዮጵያ በ2018 እ.ኤ.አ. በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ የእርሳሱን መጠን ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ ወስናለች። ቤት የሚያድስ ሰው የቆየ ዘይት ቀለም ሲፍቅ አቧራውን ከልጆች ማራቅና ከመፋቅ በፊት በውሃ ማራስ አለበት።

አምፖሉ የገለጠው

የመስኮት ብርሃን ስንጥቁን አሳየ፤ የኤሌክትሪክ አምፖል ደግሞ ጥቃቅኑን ጉብታ ሁሉ አጋለጠ። ግድግዳውን ታክኮ የሚወርድ ብርሃን ትንሿን እብጠት ጥላ ያለብሳታል፤ የሚያንጸባርቅ ቀለም ሲሆን ይብሳል። ስቱኮ ተፈላጊ የሆነው ለዚህ ነው፤ ተቀብቶ፣ ደርቆ፣ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ፣ እንደገና ተቀብቶ መስታወት ይመስላል። ከ2000ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዲስ አበባ ላይ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ሳያልቁ ለባለዕጣ ሲሰጡ፣ የማጠናቀቂያ ሥራ ራሱን የቻለ ትልቅ ገበያ ሆነ፤ የጂፕሰም ኮርኒሱ፣ የተደበቀው መብራት፣ ዎል ፔፐሩ ከዚያ ወደ ክልል ከተሞች ተዛመተ።

ሸካራ ቀለም የሄደው በተቃራኒው መንገድ ነው። ኳርትዝ የደቀቀ አሸዋ ከማያያዣ ጋር ተቀላቅሎ የሚሠራ ነው፤ ጉድለቱን በሸካራነቱ ውስጥ ያሰምጠዋል። ለውጭ ግድግዳ ይመቻል። ሳሎን ውስጥ ግን አቧራ ይይዛል፣ ሲቆሽሽ አይታጠብም፤ አንድ ቦታ ቢላጥ ያንኑ ቦታ ብቻ አስመስሎ መጠገን ያስቸግራል። መለስተኛ ሸካራነት ያለውን በአንድ ግድግዳ ብቻ መሥራት፣ የቀሩትን የማያንጸባርቅ የውሃ ቀለም መቀባት ከሁለቱ ጽንፍ ያድናል።

ከቀለሙ በታች ያለው

በአዊ ከተሞች አሁንም ብዙው ቤት አጥንቱ እንጨትና ጭቃ ነው። እድሳት ሲታሰብ የመጀመሪያው ሐሳብ በሲሚንቶ መለሰን ነው። ሽቦ ይቸነከራል፣ ሲሚንቶው ይለጠፋል፣ ቀለም ይከተላል። በመጀመሪያው ዓመት ያምራል። ጭቃው ግን በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራል፤ ሲሚንቶው ግትር ነው። በሁለቱ መሃል ክፍተት ይፈጠራል፤ በስንጥቁ የገባው ውሃም መውጫ ያጣል። ልስኑ ሲመታ ባዶ ድምፅ ይሰጣል፣ ቋሚው ከውስጥ ይበሰብሳል። ጎንደርም ይህን አይታዋለች፤ በፋሲል ግቢ ጣልያኖች በሲሚንቶ የሠሩት ጥገና ከግንቡ ጋር ስላልተስማማ በኋላ እየተነሣ በኖራ ተተክቷል። የነገሥታት ግንብ ያልቻለውን የጭቃ ቤት አይችለውም።

የተሻለው መንገድ ረጅሙ ነው። ውሃው መጀመሪያ ይያዛል፤ የቆርቆሮው ጫፍ ይረዝማል፣ አሸንዳ ይገጠማል፣ የግድግዳው እግር በድንጋይ ከፍ ይላል። ጭቃው በጭቃ ይጠገናል፣ ላዩ በኖራ ይለሰናል፣ ቀለሙም የሚተነፍስ ይሆናል። ቤቱ የብሎኬት ከሆነ ሲሚንቶው ቦታው ነው፤ ያኔ የሚጠየቀው ትዕግሥት ነው፤ አዲስ ልስን ቀለም ከመቀባቱ በፊት 28 ቀን ያህል መቆየት አለበት።

ጭሱ ከቤት መውጣቱ ትልቅ ዕድል ነበር፤ ዓይንና ሳንባ አተረፈ፣ ብርሃን አስገባ፣ ቀለምን ለሁሉም አደረሰ። የማደስ ሥራ ከባለቤቷ መዳፍ ወደ ቅጥር ባለሙያ ሲሻገር ግን ግድግዳውን በየዓመቱ የሚዳስስ እጅ ጠፋ። ቀለም ቀቢው የተቀጠረው ላዩን እንዲያሳምር ነው፤ ታችኛውን የመመርመር ግዴታ የለበትም። ያ ግዴታ የባለቤቱ ነው። ክረምቱ ካለፈ በኋላ በእጁ አንኳኩቶ፣ ርጥበቱን ፈልጎ፣ ከዚያ ወደ ሱቅ የሚሄድ ሰው ቀለሙን ለብዙ ዓመት ይገዛል፤ ሳይመረምር የሚቀባው ግን በሚቀጥለው መስከረም ያንኑ ግድግዳ ለመፋቅ ይመለሳል።