ባስከርቪል፦ ዓይን ያሳውራል የተባለው ፊደል

መጽሐፍ ስናነብ ስለ ደራሲው እንጠይቃለን፣ ስለ ተርጓሚውም እንከራከራለን። ፊደሉን ማን ቀረጸው ብሎ የሚጠይቅ ግን ከመካከላችን ስንቱ ነው? ዛሬ በዓለም ላይ በሚታተሙ መጻሕፍት ውስጥ ደጋግመን የምናገኘው «ባስከርቪል» የሚባለው የላቲን ፊደል ስሙን ያገኘው ከአንድ እንግሊዛዊ ሰው ነው። ነቢይ በሀገሩ አይከበርም የሚባለው በዚህ ሰው ላይ በትክክል ደርሷል።

ጆን ባስከርቪል በ18ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ በዉስተርሽር ተወልዶ በበርሚንግሃም ከተማ ኖረ። የመጀመሪያ ሙያው የእጅ ጽሕፈት ማስተማርና በመቃብር ድንጋይ ላይ ጽሑፍ መቅረጽ ነበር። በእኛ አነጋገር ቁም ጸሐፊ ብንለው አያስነቅፍም። ኋላም አንጸባራቂ ቀለም የተቀቡ ትሪዎችንና ሌሎች ዕቃዎችን እያሠራ ከበረ። ገንዘብ ሲይዝ ግን የልጅነት ፍቅሩን አልረሳም። እ.ኤ.አ. በ1750 ገደማ ፊደል ወደ ማስቀረጽ ገባ።

በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ የነገሠው የዊልያም ካዝለን ፊደል ነበር። ሕዝቡ የለመደው፣ ጠንካራና ወፈር ያለ ፊደል ነው። ባስከርቪል ካዝለንን ያደንቅ ነበር፤ ይሁን እንጂ ከዚያ የተሻለ ይቻላል አለ። በእሱ ፊደል ቀጭኑ ጭረት ይበልጥ ቀጠነ፤ ወፍራሙና ቀጭኑ በጉልህ ተለያዩ። ክቡ ፊደል ዘመም ማለቱን ትቶ ቀጥ ብሎ ቆመ። በጭረቱ ጫፍ ላይ ያለችው እግር መሰል ምልክት፣ ፈረንጆች «ሰሪፍ» የሚሏት፣ ሾል አለች። የእጅ ጽሕፈት መምህሩ ብዕር በብረት ላይ መጣ ማለት ነው።

ነገር ግን ፊደል ብቻውን ምን ያደርጋል? ቀጭን ጭረት በሻካራ ወረቀትና በደካማ ቀለም ላይ ሲያርፍ ይሰበራል ወይም ይጨፈቃል። ይህንን በስቴንስል የተባዛ ገጽ ያነበብን ሁሉ እናውቀዋለን። ስለዚህ ባስከርቪል ከፊደሉ ጋር ሌላውንም ሁሉ ቀየረ። የማተሚያውን ሰሌዳ እኩልና ጠንካራ አደረገ፤ ከሌሎቹ የጠቆረ ቀለም አዘጋጀ፤ የሽቦ መስመር የማይታይበትን አዲሱን ለስላሳ ወረቀት ተጠቀመ፤ የታተመውንም ገጽ በጋሉ የመዳብ ሰሌዳዎች መካከል ተጫነው። የመጀመሪያ መጽሐፉ፣ የሮማዊው ባለቅኔ የቨርጂል ሥራ፣ እ.ኤ.አ. በ1757 ወጣ። ጌጥም ሥዕልም የሌለው፣ ሰፊ ኅዳግ ያለው፣ በፊደሉ ብቻ የሚያምር መጽሐፍ ነበር።

ታዲያ ምን ተባለ? «ጭረቱ ቀጥኗል፣ ወረቀቱ ያብለጨልጫል፣ የአንባቢውን ዓይን ያጠፋል» ተባለ። እዚህ ላይ ቤንጃሚን ፍራንክሊን ለባስከርቪል በጻፈው ደብዳቤ ያጫወተው ነገር አለ። ፍራንክሊን ራሱ አታሚ ስለነበረ ሙያውን ያውቃል። ይህንኑ የዓይን ነገር ያነሳበት አንድ ሰው በኋላ ሊጠይቀው መጣ። ፍራንክሊንም ወደ ጓዳ ገብቶ የካዝለንን የፊደል ናሙና አወጣ፤ ስሙ ያለበትን ራስጌ ቀደደና «ይኸው የባስከርቪል ፊደል፤ እስቲ ጉድለቱን አሳየኝ» አለው። ሰውዬው አላመነታም፤ አንድ በአንድ ነቀፈው፤ ሲያነበው ዓይኑን እንደሚያመውም ነገረው። ያ ፊደል ግን ዕድሜውን ሙሉ ሲያነበው የኖረው፣ ደራሲም ስለነበር የገዛ መጽሐፉ የታተመበት ነበር! ፍራንክሊን አዝኖለት እውነቱን ሳይነግረው ሸኘው።

ሰውዬው የነቀፈው ስሙን እንጂ ፊደሉን አልነበረም፤ አመመኝ ያለውም ዓይኑ ሳይሆን ልማዱ ነበር።

ምን ዋጋ አለው፣ ነቀፌታው ኪስ ጎዳ። ባስከርቪል ለኬምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ አታሚነት ተመርጦ እ.ኤ.አ. በ1763 ያሳተመው ታላቁ መጽሐፍ ቅዱስ የሙያው ጫፍ ቢባልም እንደታሰበው አልተሸጠም። እ.ኤ.አ. በ1775 ሲሞት ሥራው በባለቤቱ በሣራ እጅ ቀረ። የተቀረጹት ብረቶች በአገሩ የሚፈልጋቸው ጠፍቶ እ.ኤ.አ. በ1779 ለፈረንሳዊው ጸሐፌ ተውኔት ለቦማርሼ ተሸጡ። ቦማርሼ የቮልቴርን ሥራዎች በሙሉ ለማተም ተነሥቷል፤ ነገር ግን በፈረንሳይ ውስጥ ብዙዎቹ የተከለከሉ ስለነበሩ ማተሚያ ቤቱን ከራይን ወንዝ ማዶ፣ በኬል ከተማ ተከለ። እንግሊዝ የናቀው ፊደል የዘመኑን ትልቁን ተጠያቂ ጸሐፊ ተሸክሞ አውሮፓን ዞረ።

ከመቶ ዓመት በላይ ከተረሳ በኋላ በ20ኛው ምዕተ ዓመት ተነሣ። ሞኖታይፕ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1923 ፊደሉን ለመልቀሚያ መኪና አዘጋጀው። የቀሩት ብረቶችም እ.ኤ.አ. በ1953 ከፓሪስ ለኬምብሪጅ በስጦታ ተመለሱ። ሣራም አልተረሳችም፤ እ.ኤ.አ. በ1996 ከባስከርቪል ተቀድቶ የተሠራው ፊደል በቀድሞ ስሟ «ሚስስ ኢቭስ» ተባለ።

ዛሬ ባስከርቪልን ሰዎች ለረጅም ንባብ የሚመርጡት ዓይን አያደክምም ብለው ነው። ፊደሉ አልተለወጠም፤ የተለወጠው አንባቢው ነው። እንግዲህ አዲስ ግጥም፣ አዲስ ሐሳብ፣ አዲስ አጻጻፍ ቀርቦልን «ይህስ ዓይን ያማል» ልንል አፋችንን ስንከፍት፣ በቅድሚያ ራስጌውን ቀደን፣ ስሙን ሸፍነን እንየው።