የቃጠሎ ሽታ (በእንጦጦ ዳገት)
ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም በሚወስደው ዳገት መኪና ሲሸት ዋናው ተጠርጣሪ ፍሪሲዮን ነው። ሹፌሩ በእጅ ፍሬን ከመያዝ ይልቅ በግማሽ ፍሪሲዮን ሲያንጠለጥለው ሸራው ይንሸራተትና ይጋያል። 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ተራው ሞተር ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ይህም ልማዱን ያባብሰዋል። ቁልቁል ሲወረድ የሚሸተው ግን ፍሬን ነው። ቆሞ፣ ሳይነኩ፣ መዳፍን ወደ እያንዳንዱ ቸርኬ ማስጠጋት ይበቃል፦ አንዱ ብቻ ከሌሎቹ ይልቅ ከጋለ፣ የዚያ ቸርኬ ፍሬን ሳይለቅ ቀርቶ ሊሆን ይችላልና ጋራዥ ይፈታ። አራቱም ከጋሉ ማቀዝቀዝ፣ ከዚያም በሁለተኛ ማርሽ መውረድ ነው። ውሃ መድፋት፣ የተለመደ ቢሆንም፣ ዲስክ ሊያጣምም ይችላል። የዘይት ሽታ በጋለ ማርሚታ ላይ የሚንጠባጠብ ዘይት መኖሩን ይጠቁማል። የተቃጠለ የሽቦ ፕላስቲክ ሽታ ከመጣ ሞተሩን አጥፍቶ ባትሪውን መፍታት ይቀድማል።