የሎገር ተዋረድ በጃቫ ፕሮግራሞች

ሎገር የጃቫ ፕሮግራም ሲሠራ የሚያጋጥሙትን ክንውኖች፣ ማስጠንቀቂያዎችና ስህተቶች የሚመዘግብ ክፍል ነው። ትልቅ ሲስተም በመቶ የሚቆጠሩ ሎገሮች ስለሚኖሩት እያንዳንዱን ለየብቻ ማስተካከል አይታሰብም። ስለዚህ በስማቸው ውስጥ ባሉት ነጥቦች እየተከፈሉ በወላጅና በልጅ ይደራጃሉ፤ የሁሉም ቁንጮ “ሩት” ይባላል።

በኢትዮጵያ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው ዲኤችአይኤስ 2 ነው። በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ መሪነት በጃቫ የተሠራውን ይህን ሶፍትዌር ጤና ሚኒስቴር ከ2010 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ለጤና ሪፖርት ይጠቀምበታል። ተቋማትን የሚያደራጀው በተዋረድ ስለሆነ ለምሳሌ ሲሪንቃ ባለ ጤና ተቋም የገባ ቁጥር በሀብሩ ወረዳ፣ በሰሜን ወሎ ዞን፣ ከዚያም በአማራ ክልል ድምር ውስጥ ይቆጠራል።

የሶፍትዌሩ ሎገሮችም አደረጃጀታቸው ከዚህ ብዙ አይርቅም። “ኦርግ.ሂስፕ.ዲኤችአይኤስ” የተባለው ሎገር “ኢንፎ” ደረጃ፣ ማለትም ከመደበኛ መረጃ በታች ያለውን ዝርዝር የማያሳልፍ ወሰን፣ ከተሰጠው፣ በሥሩ ያሉት የራሳቸው ትእዛዝ እስካልተጻፈላቸው ድረስ ያንኑ ይወርሳሉ። የትንተና ሠንጠረዦችን የሚያዘጋጀው ክፍል ቢያስቸግር ባለሙያው እሱን ብቻ ዝርዝሩን ወደሚያሳልፈው “ዲበግ” ደረጃ ያወርዳል። ሩቱን ራሱን ዲበግ ማድረግ ግን የስንፍና መፍትሔ ነው፤ ዲስኩ ይሞላል፣ የሚፈለገው መስመርም በብዛቱ መካከል ይጠፋል።

እንደ ሎግ ፎር ጄ 2 ባሉ የሎግ መመዝገቢያ ላይብረሪዎች ብዙዎችን የሚያሳስተው ደረጃ ሲወረስ አፔንደር፣ ማለትም መልእክቱን ወደ ፋይል ወይም ስክሪን የሚያወጣው ክፍል፣ የሚደመር መሆኑ ነው። ልጁ የተቀበለው መልእክት ወደ ወላጁ አፔንደር ሲሻገር የወላጁ ደረጃ ዳግም አይጠየቅም። ሩቱ ስህተትን ብቻ በሚያሳልፈው “ኤረር” ደረጃ ቢቀመጥም የልጁ ዲበግ መልእክት በሩቱ ፋይል ላይ የሚገኘው ለዚህ ነው። አንዱ አፔንደር ለሁለቱም ከተሰጠ ደግሞ የልጁ እያንዳንዱ መስመር ሁለቴ ይጻፋል። የሚያስቀረው በልጁ ቅንብር ላይ “አዲቲቪቲ” የሚለውን “ፎልስ” ማድረግ ነው።

በ2002 እ.ኤ.አ. ከጃቫ 1.4 ጋር የመጣው የጃቫ የራሱ ሎገር ወጥመዱ ሌላ ነው፦ ሎገሩ ከ“ኢንፎ” በታች ባለው “ፋይን” ደረጃ ቢቀመጥም ኮንሶሉ በነባሪው “ኢንፎ” ላይ ስለሚቆም የ“ፋይን” መልእክቶች አይታዩም።

ሎግ ፎር ጄ 2 ከታዘዘ የቅንብር ፋይሉን በየጊዜው እየፈተሸ ሰርቨሩ ሳይቆም ለውጡን ይቀበላል። በዚሁ ላይብረሪ ውስጥ በታኅሣሥ 2021 እ.ኤ.አ. የተገለጠውን “ሎግ ፎር ሼል” የተባለ የደኅንነት ቀዳዳ ግን የትኛውም የደረጃ ቅንብር አይደፍነውም። መፍትሔው እትሙን ማሳደግ ነው፤ የዲኤችአይኤስ 2 አዘጋጆችም ያኔውኑ ማስተካከያ አውጥተዋል።