በአሮጌ ሜዳ የዘነበው ዝናብ

ዛሬ አንድ የቆየ ዕዳ ልክፈል።

የድሮ ተማሪዎቼ ታስታውሱ እንደሆነ፣ የአሮጌን ውጊያ ሳስተምር ነገሩን በአንድ ዓረፍተ ነገር ነበር የምዘጋው፤ «ፊታውራሪ ገብርዬ በስሜት ተነድቶ ከአፋፉ ወረደና ተሸነፈ» እያልኩ። ፈተና ላይ እንደዚያ የጻፈ ሙሉ ነጥብ ያገኝ ነበር። አሁን ሳስበው ግን ሰውየውን በድየዋለሁ። ጀግንነቱንና ችኮላውን ሳወራ ስለ ጠመንጃውና ስለ አየሩ ምንም አላልኩም።

ቀኑ ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም፣ የስቅለት ዕለት ነው። የጄኔራል ናፒየር ጦር በሽሎን ተሻግሮ መቅደላ ደጃፍ ደርሷል። ከሰዓት በኋላ የዐፄ ቴዎድሮስ መድፎች ከፋህላ አፋፍ ተኮሱ፤ ገብርዬም ሺዎችን አስከትሎ ቁልቁል ወረደ። በዚያው ውጊያ መሀል ነጎድጓድ ያለበት ከባድ ዝናብ ወረደ። እዚህ ዝናብ ላይ ትንሽ ቆዩልኝ።

የእኛ ሰዎች የያዙት በአብዛኛው በአፈሙዝ የሚጎርስ ጠመንጃ ነበር። ባሩዱን በአፈሙዙ ታፈሳለህ፣ እርሳሱን ትጨምራለህ፣ በዘንግ ትጠቀጥቃለህ። ከዚያ ወይ የሚጤስ ክር፣ ወይ ትንሽ የመዳብ ቆብ ነው እሳቱን የሚያቀብለው። ባሩድ ማለት ፖታሲየም ናይትሬት፣ ከሰልና ድኝ ነው፤ እርጥበት ከነካው ወይ ጭራሽ አይነሳም፣ ወይ ጉልበቱ ይደክምና ጥይቱ መንገድ ላይ ይወድቃል። ክሩማ ከራሰ በቃ፣ በእጅህ የቀረው ዱላ ነው። ቆሞ፣ በዝናብ፣ ቁልቁለት ላይ ማጉረስ ምን እንደሚመስል አስቡት።

ማዶ የቆመው የእንግሊዝ እግረኛ ግን ስናይደር ይዟል፤ አገራችን «ስናድር» ያለችው። ጃኮብ ስናይደር የተባለ አሜሪካዊ ባወጣው ዘዴ የድሮው ኤንፊልድ ጠመንጃ ከኋላው እንዲከፈት ሆኖ ተለወጠ፤ የእንግሊዝ ጦር የተቀበለውም እ.ኤ.አ. በ1866 ነው። ትልቁ ነገር ግን ጥይቱ ነው። ባሩዱ፣ እርሳሱና ማቀጣጠያው በአንድ የናስ ቀለህ ውስጥ ታሽገዋል። ዝናብ ቢዘንብ ባሩዱን አያገኘውም። የሠለጠነ ወታደር በደቂቃ 10 ጊዜ ያህል ይተኩሳል፤ በአፈሙዝ የሚያጎርሰው በደረቅ ቀን እንኳ ከ3 አያልፍም።

ቁልቁለቱም ሌላ ጣጣ ነው። አዳኝ የሆነ ሰው ያውቀዋል፦ ቁልቁል ስትተኩስ ጥይቱ ካነጣጠርክበት ከፍ ብሎ ነው የሚያርፈው። ደጋ ላይ አየሩ ሳሳ ስለሚል ጥይት ብዙም ሳይገታ ይሄዳል፤ ቆላ ላይ የተስተካከለ ማነጣጠሪያ ደጋ ላይ ከፍ ይላል። ብርድ ደግሞ የባሩዱን ቃጠሎ ያዘገያል፣ ጥይቱን ዝቅ ያደርጋል። የዛሬ አዳኝ ወደ ጫካ ከመግባቱ በፊት እዚያው ቦታ፣ በዚያው አየር ሞክሮ የሚያስተካክለው ለዚህ ነው። ከፋህላ የተተኮሰው የመድፍ ጥይትም ከዚያ ከፍታ ቁልቁል ወርዶ በእንግሊዞቹ ላይ ይህ ነው የሚባል ጉዳት አላደረሰም።

ዝናብ ብቻ አሸነፈን እያልኩ አይደለም። እንዲያውም ከናፒየር ጋር የነበሩት የፑንጃብ ወታደሮች ስናይደር አልተሰጣቸውም፤ እንደኛው በአፈሙዝ የሚጎርስ ነበር የያዙት። እነሱ ግን ሳንጃቸውን ሰክተው ተጠጉ፤ ከጎናቸውም ስናይደርና ሮኬት የሚተኩስ ነበር። ለገብርዬ በዚያ ሰዓት የሚደርስለት አልነበረም።

ሲመሽ፣ እንግሊዞቹ እንደገመቱት፣ ከእኛ ወገን 700 ያህል ሰው ሞቷል፣ 1,200 ያህል ቆስሏል። ከእነሱ 20 ቆሰሉ፤ ከነዚያ ሁለቱ በኋላ ሞቱ። ገብርዬም እዚያው ወደቀ። በሦስተኛው ቀን ንጉሡም ተከተሉት።

ትምህርቱን ግን የተማረ ተማረ። ናፒየር ሲወጣ ለደጃዝማች ካሳ ምርጫ መድፎችና ከ800 በላይ ጠመንጃ ትቶ ሄደ፤ ካሳም በኋላ ዐፄ ዮሐንስ ሆኑ። እሳቸው በጉንደትና በጉራዕ ግብጾችን ድል ሲያደርጉ ከኋላ የሚጎርሰው ረሚንግተን በብዛት ተማረከ። አድዋ ላይ ደግሞ ያ «ውጅግራ» የምንለው የፈረንሳዩ ግራ ጠመንጃ በብዙ ሰው ትከሻ ላይ ነበር። በ1888 ዓ.ም የዘመተው ሰው በ1860 ከነበረው የበለጠ ጀግና ሆኖ አይመስለኝም። በእጁ የያዘው ግን ሌላ ነበር።

ስለዚህ ተማሪዎቼ፣ ያንን ዓረፍተ ነገር ከደብተራችሁ ሰርዙልኝ። ገብርዬ ስሜታዊ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለውን ተከራከሩበት፣ ግድ የለም። ግን አንድን ሰው «ለምን ተሸነፈ» ብላችሁ ከመፍረዳችሁ በፊት በእጁ ምን እንደያዘና በራሱ ላይ ምን እየወረደበት እንደነበር ጠይቁ። እኔ ሳልጠይቅ ስንት ዓመት አስተማርኩ።

መልካም ሰንበት።